ሳሮን «አልነሳም» ያለችበት የቡና ወቅት

ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ እሑድ

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ የሴቶች ኅብረት መሪያችን ትጊ ለእያንዳንዳችን ደብተር አደለችን። «የጸሎት ርእሳችሁን ጻፉበት» አለች። ጸሎቴን አፌ ያውቀዋል፤ እኔ የሚያስፈልገኝ ማንም ሳያቋርጠኝ የምናገርበት ቦታ ነው። ቤት ስሆን ልጄ ሉሲ ታቋርጠኛለች፤ ዳቦ ቤት ስሆን ደንበኛ ያቋርጠኛል። ባሌ ደበበ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ስለሚመላለስ ለማቋረጥም አይገኝ።

ቡናው ቀልቷል። ዲላ በሰው ተጨናንቃለች፤ መናኸሪያው አካባቢ መተላለፊያ የለም። ሬኮ በኩል ካለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጋር ለሠራተኞቹ ዳቦ ላቀርብ ተስማምቻለሁ። መኪናቸው ሳይነጋ መጥቶ ይጭናል። ስለዚህ ሊጡ በሌሊት መቦካት አለበት። እዮብ ምድጃውን ይይዛል፤ ሳሮን ታቦካለች፣ ታድቦለቡላለች፣ ላሜራው ላይ ትደረድራለች።

ሳሮን አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷታል፤ ከሉሲ ጋር እኩያ ናት። አባቷ ቶሌራ የኢዲዶ ገበሬ ነው። በቤተ ክርስቲያን ያውቀኛል፤ «አስተምሪልኝ» ብሎ ነው የሰጠኝ። ይኸው ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። የምትተኛው እኔ ቤት፣ የምትበላው ከእኔ ገበታ ነው። እኔ ሠራተኛ የለኝም። ልጆች ናቸው ያሉኝ።

ጥቅምት 14

መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፋ። ማሽኑ ቆመ። ሁሉም በእጅ ተቦካ። መኪናው ደርሶ ጥሩንባ ይነፋል። አደረስን! ሳሮን የብረት ልጅ ናት።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ከሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ነኝ የሚል ሰው መጣብኝ። ቀና ብዬ ሳየው ነብዩ ነው! እናቱ ዳቦ ግዛ እያለች የምትልከው፣ መንገድ ላይ እየገመሰ ግማሹን በልቶ የሚገባ ልጅ ነበር። አሁን መታወቂያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«እትዬ አልጣሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ያን ጊዜ ሳሮን የዱቄት ጆንያ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ፊቷ ላይ ዱቄት አለ፤ እጇ ላይ ሊጥ ደርቋል። እሷን አየ፣ እኔን አየ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ዘመዴ ናት» አልኩት።

«ዕድሜዋን ነው የጠየቅሁት፣ እትዬ።»

ነገርኩት። ምን እፈራለሁ? ከዚያ ዘረዘረልኝ። አሥራ አምስት ከሞላት መሥራት ትችላለች፤ ግን በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሆንም። ከምሽቱ አራት እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ አትነካም። ትርፍ ሰዓት የለም፤ በዕረፍት ቀኗም፣ በበዓልም አትሠራም።

«ዳቦ በቀን ተቦክቶ ማለዳ ይደርሳል እንዴ? ሕጉን ያወጣው ሰው ቁርሱን የት ነው የሚበላው?» አልኩት።

ሊስቅ ፈለገና ተወው። «ለሌሊቱ ትልቅ ሰው ይቅጠሩ» ብሎኝ ወጣ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እመለሳለሁ ብሏል። ይመለስ! እኔ ገና በዘጠኝ ዓመቴ ወናጎ ሰው ቤት አቦክቻለሁ፤ ማንም መታወቂያ አንጠልጥሎ አልመጣልኝም። አልሞትኩም። ይኸው የራሴን ዳቦ ቤት ከፍቻለሁ።

ማን እንደጠቆመብኝ አውቃለሁ። ማዶ ያለው ባለ ዳቦ ቤት፣ እንግዳ የሚባለው ሰውዬ ነው። የሬኮን ሥራ እሱም ፈልጎት ነበር።

ማታ ሉሲ፣ «ሰውዬው ምን አለሽ? ይመለሳል?» አለችኝ። ሰው መምጣቱን ማን እንደነገራት እንጃ።

ጥቅምት 25

የሳሮን አስተማሪ ጠርታኝ ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ትተኛለች አለችኝ። «የኔዋ ሉሲም ትተኛለች፤ የዘንድሮ ልጆች ስልክ ነው የሚያስተኛቸው» አልኳት። «ሳሮን ስልክ የላትም» አለችኝ። የሰው ነገር እየቆጠረች ስለምትውል ነው ልጆቹ ትምህርት የማይገባቸው።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ደበበ አደረ። እራት ላይ ሁሉን ነገርኩት፤ ነብዩን፣ እንግዳን፣ አስተማሪዋን። ሲጎርስ ቆየና፣

«ታዲያ ሉሲን ቀስቅሻት» አለ።

«ምን?»

«ሰው ካነሰሽ። ሁለቱም አሥራ አምስት ናቸው።»

«ሉሲ ትምህርት አለባት!»

ውኃ ጠጣ። እኔም መልስ አጥቼ ሳይሆን ሳህኑን ማንሳት ስለነበረብኝ ተነሳሁ። ሳሮን ወጥ ቤት ቆማ ነበር። ሰምታ ይሁን አይሁን እንጃ። ሳህኑን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ኅዳር 6

የሬኮዎቹ ዳቦ ጨምሩ አሉ። ጨመርን። አሁን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው የምንነሳው። እዮብ ያጉረመርማል። ሳሮን ምንም አትልም። ዝም የምትል ልጅ ጥሩ ናት።

ኅዳር 14፣ እሑድ፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ልጽፈው።

ቶሌራ ከኢዲዶ መጣ። በቡና ወቅት ገበሬ ቡናውን ጥሎ አይመጣም፤ እሱ ግን ልጁን ሊያይ መጣ። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ጠርሙስ ማር ይዟል። ቤቴ ገብቶ መቀመጫ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እጁ ቡና በመልቀም ጠቁሯል።

«እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ልጄን ሰው አደረግሽልኝ» አለ። ደጋግሞ አለው። «ሰፈር ውስጥ ሁሉ እናገራለሁ፤ ልጄ ዲላ ይማራል እላለሁ።» አማርኛው እንዲህ ነው፤ ሴቷንም ወንድ ያደርጋታል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ከዚያ «ደብተሩን አሳዪኝ» አላት ሳሮንን። እሱ ማንበብ ብዙም አይችልም። አመጣችለት። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ገጽ በገጽ ገለጠው። መጀመሪያ ላይ ሙሉ ነው፤ ጽሕፈቷም ያምራል። እየገለጠ ሲሄድ ባዶ ገጽ መጣ። ሌላ ባዶ። አንዱ ላይ መስመር ተጀምሮ እስክሪብቶው ወደ ታች ተንሸራትቶ ቀርቷል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ጽሕፈት።

«ይሄስ?» አላት።

«ይሄ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ነው፣ አባ። አስተማሪዋ ቦታ ተዉ ብላ ነው» አለችው። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

እሱም አመናትና ደብተሩን በሁለት እጁ መለሰላት።

ከሄደ በኋላ ተቆጣኋት። «አባትሽን ትዋሺያለሽ? በእኔ ቤት ውሸት አለ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። እስከ ዛሬ እንዲያ አይታኝ አታውቅም። ከዚያ፣

«ምን ልበለው፣ እቴቴ?» አለችኝ።

ማሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። አልከፈትኩትም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሯን መታሁ። መልስ የለም። ገባሁና ትከሻዋን ነካሁ። ነቅታ ነበር። በጨለማው ውስጥ ዓይኗ ይታየኛል።

«ተነሽ፣ እዮብ እሳቱን አያይዟል።»

«አልነሳም፣ እቴቴ።»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። ዛሬ ፈተና አለኝ። አልነሳም።»

«ከፈተናው በፊት ትጨርሻለሽ!»

«ነገም አልነሳም።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ ግን ጮኽኩ። ስለ ትራሱ፣ ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ዩኒፎርሟ፣ ማን እንደገዛላት፣ ሁሉንም ጮኽኩ። ሉሲ ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሳሮን ብርድ ልብሱን አገጯ ድረስ ስባ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ዳቦ ቤት ወርጄ እጄን ታጠብኩና ራሴ አቦካሁ። እዮብ ሊያግዘኝ ሲል «ምድጃህን ያዝ!» አልኩት። ከምኔው ወገቤ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ወናጎ የነበርኩበት ቤት ትዝ አለኝ። የሴትየዋ ልጅ የእኔ እኩያ ነበረች። ሊጡን ሳቦካ በክፍሏ በር ስንጥቅ እግሯን አየው ነበር፤ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ። ብርድ ልብሱ አረንጓዴ ነበር። ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ዳቦው ዘገየ። ሾፌሩ ሰደበኝ። እኔም ሰደብኩት።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ፈተናውን እስክትጨርስ አላናገርኳትም። ዛሬ «ወይ ተነሽ፣ ወይ ውጪ» አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ልብሷን በፌስታል አድርጋ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ፣ እቴቴ» ብላኝ ወጣች። አገሯ ትግባ። ሁለት ቀን ቡና ስትለቅም የእኔን ቤት ታመሰግናለች።

ሰው ሞልቷል። ሌላ አመጣለሁ።

ታኅሣሥ 1

የመጣችው ልጅ ሁለት ሌሊት ሠርታ ጠፋች። ነብዩ ተመልሶ ነበር፤ «ያቺ ልጅ የት ሄደች?» አለኝ። «ሕግህ አባረራት፤ ደስ ይበልህ» አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። እሰይ! አልኩ። ማታ ግን እሰይ ማለቱ አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ሌሊት ዳቦ ቤት ስገባ መብራቱ በርቷል። ማሽኑ አጠገብ ሉሲ ቆማለች። ሽርጥ አስራ፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ዱቄት ትዘግናለች። አያያዟ ያስቃል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሰው አነሰሽ አይደል? የሳሮንን ቦታ ልያዝ።»

«ሂጂ ተኚ! ነገ ትምህርት ቤት እንዴት ልትነቂ ነው? በዚህ ዕድሜሽ በሌሊት ምን...»

አልጨረስኩትም። ሉሲ ጠበቀችኝ። እዮብም ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ ጠበቀ።

«ጨርሺው እንጂ፣ እማ» አለች። ከዚያ «ነብዩ ጋ የሄድኩት እኔ ነኝ። እንግዳ አይደለም» አለችኝ።

ጥፊ ይገባት ነበር። እጄ ግን ወደ ሊጡ ሄደ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ኢዲዶ ሄድኩ። እስከ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ብስክሌት። ይቅርታ ልጠይቅ አልሄድኩም፤ የሰው ልጅ በሰላም መግባቷን ላጣራ ነው።

ቶሌራ ቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆሞ ፍሬ ይለቅማል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ከኋላዬ ማየት ጀመረ።

«ልጅቷስ? አልመጣችም?»

«እዚህ አይደለችም?»

እጁ ላይ የነበረው ቡና ፈሰሰ። ባዶ እጁን ወደ እኔ እንደዘረጋ ቀረ። ጌታ ሆይ፣ ያንን ፊት ዳግመኛ አታሳየኝ።

ለሉሲ ደወልኩላት። ገና «ሳሮን» ስል «ደህና ናት» አለችኝ። «ዲላ ናት። የክፍል ጓደኛችን እናት ቤት፣ ትምህርት ቤቱ ጀርባ። እንዳትነግሪያት ብላኝ ነው።» ስልኩን ለቶሌራ ሰጠሁት። ሰምቶ ሲጨርስ መሬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

አብረን ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ።

ሳሮን ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣ ነበር። አባቷን አቅፋው ብዙ ቆየች። ከዚያ እኔ ፊት ነገረችው፤ ሌሊቱን፣ ክፍል ውስጥ መተኛቷን፣ ባዶውን ገጽ። በኦሮምኛ ነው የነገረችው፤ ግን እኔም እንደምሰማ ታውቃለች። አልጨመረችም። ብትጨምር ኖሮ እከራከር ነበር።

ቶሌራ ወደ እኔ ዞረ። ይጮህብኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። «እኔ ሰፈር ውስጥ ሁሉ ተናግሬ ነበር» አለ። ይኸው ነው ያለው።

ያን ጊዜ ወይ መሄድ፣ ወይ መናገር ነበረብኝ። «ሥራዋ ክፍት ነው። በቀን» አልኩ።

ሳሮን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት እሠራለሁ። እሑድ አልሠራም። በዓልም አልሠራም። ደመወዜን በእጄ ነው የምቀበለው። የምኖረው እዚህ ነው።»

«እኔ ቤት ምን አለ?»

«አንቺ ቤት ስተኛ በር ይንኳኳል።»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«እንዲህ መደራደር ከማን ተማርሽ? ከነብዩ?»

«ከአንቺ ነዋ፣ እቴቴ። ከሬኮዎቹ ጋር በስልክ ስትደራደሪ እያቦካሁ እሰማሽ ነበር። የመጀመሪያውን ዋጋ እሺ እንዳልል ነው የተማርኩት።»

ቶሌራ ሳቀ። ከኢዲዶ ከተነሳን ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። እኔ አልሳቅሁም። ቤት ገብቼ ግን ልብሴን ስቀይር ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቁ ቶሎ ሌላ ነገር ሆነብኝ፤ ፊቴን ታጠብኩ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

የሥራ ውላችንን ይዤ ነብዩ ቢሮ ሄድኩ። «አንተን ፈርቼ የመጣሁ እንዳይመስልህ» አልኩት ገና ከበሩ። «ኧረ አይመስለኝም፣ እትዬ» አለ። አንብቦ፣ «ይሄ እኮ ሕጉ ከሚለው በታች ነው፤ አራት ሰዓት ብቻ» አለኝ። «የእኔ ልጆች ትምህርት አለባቸው» አልኩት።

ለሌሊቱ ሰይድ የሚባል ጎልማሳ ቀጠርኩ፤ ከዚህ በፊት ሻሸመኔ ዳቦ ቤት ሠርቷል። ከሳሮን ይልቅ ብዙ ይከፈለዋል፤ ብዙም ያወራል። ትርፌ ቀነሰ። ለሬኮዎቹ ደውዬ ዋጋ ጨምሩ አልኳቸው። እምቢ አሉ። እኔም እምቢ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ደወሉ፤ ከጠየቅሁት ግማሹን ጨመሩ።

ታኅሣሥ 16

ሳሮን በሰዓቷ ትመጣለች፣ በሰዓቷ ትሄዳለች። አምስት ሰዓት ሲል ግማሽ ላሜራ እንኳ ቢቀር እጇን ትታጠባለች። መጀመሪያ ቀን ደሜ ፈላ። ዛሬ «ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» ያልኳት እኔ ነኝ፤ አጠገቤ ስለምትንጎራደድ ደክሞኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም። ከሉሲ ጋር ግን በር ላይ ይሳሳቃሉ። እኔ ስመጣ ይቀንሱታል።

ትጊ ጸሎትሽ ተመለሰልሽ ወይ አለችኝ። «ጌታ ከእኔ ጋር እየተከራከረ ነው» አልኳት። «ማን እያሸነፈ ነው?» አለች። ሻይዬን ጠጣሁ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

በዓል ቢሆንም ጠዋት ከፈትን፤ ሰው ትኩስ ዳቦ ሳይዝ ዘመድ ቤት አይሄድም። ሰልፉ እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ደርሷል። ሰይድ ትናንት የበዓል ዕረፍት ብሎ አገሩ ሄዶ አልተመለሰም፤ ሙስሊም ሆኖ የእኛን በዓል ያከብራል! እዮብ ምድጃው ላይ፣ እኔ ሚዛኑ ላይ፣ ደበበ እንኳ ሽርጥ አስሮ ገንዘብ ይቀበላል፤ መልስ ያሳስታል። ሰዉ ይጮሃል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ቀና ስል ሳሮን ሰልፉ ውስጥ ቆማለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፤ ቢጫ። ጸጉሯን ተሠርታለች። በራሷ ገንዘብ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አቋሟ ይናገራል። ከፊቷ አሥር ሰው አለ። እዮብ አይቷት በጓሮ በር በኩል ግቢ አላት በእጁ። ራሷን ነቀነቀች። ተራዋን ጠበቀች።

ተራዋ ደረሰ። ፊት ለፊቴ ቆመች። ከኋላዋ ያሉት ይገፋፋሉ፣ «ቶሎ በሉ!» ይላሉ። እንደው አፌ ላይ መጣ፣ ሳላስበው፤

«ሳሮንዬ፣ ነይ እስቲ ለአንድ አፍታ ግቢና...»

«ዛሬ በዓል ነው፣ እቴቴ» አለችኝ።

ሰልፉ ሁሉ ሰማ። ደበበ እጁን ሳጥኑ ውስጥ እንደከተተ ቀረ። ቁጣው ሲነሳ ተሰማኝ፤ የማውቀው ነው፣ መንገዱን ያውቀዋል። ልጮህ አፌን ስከፍት ግን አየኋት። አልፈራችም። ይቺ ልጅ በዚያ የኅዳር ሌሊት ስጮኽባት ወደ ግድግዳ ዞራ ነበር። ዛሬ ዓይን ለዓይን ታየኛለች፤ ደግሞም አልተኮሳተረችም።

«ነው» አልኳት። «በዓል ነው። ስንት ልስጥሽ?»

«ሁለት። ለአከራዬ አንድ፣ ለእኔ አንድ።»

ትኩሱን ከላሜራው መርጬ ሰጠኋት። ከፈለች። ደበበ መልሱን በትክክል ሰጣት። ዳቦውን በሻሿ ጠቅልላ «እንኳን አደረሰሽ» አለችኝ።

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

ሄደች። ከኋላዋ የቆመችው ሴትዮ ሚዛኑን በጣቷ እየመታች፣ «ይቺ ሠራተኛሽ አይደለችም እንዴ? በበዓል ቀን እንዲህ ትታሽ ትሄዳለች?» አለች።

«ሠራተኛዬ ናት» አልኳት። «የእርስዎ ስንት ነው?»